ፊቅሁል አቀሊያት ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ፊቅሁል አቀሊያት ሙስሊሞች አናሳ ሆነው በሚኖሩበት አገር ለሚገጥሟቸው ጥያቄዎች ከሸሪዓ ምላሽ የሚፈልግ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ ጥናት) ዘርፍ ነው። ስያሜው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲሆን የእስልምና ሊቃውንቱ ጣሃ ጃቢር አል-ዐልዋኒና ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ በሰፊው ጽፈውበታል። ግዴታን የሚያቀል አዲስ መዝሀብ (የፊቅህ ሥርዓት) አይደለም፤ አምስቱ ሶላትና ዘካ እንዳሉ ናቸው።

ከዋና ዋናዎቹ ውዝግቦች አንዱ በምርጫ መሳተፍ ላይ ነው። የሚከለክሉት «ሕግ ማውጣት የአላህ ብቻ ነው» ይላሉ። የሚፈቅዱት ድምፅ መስጠትን እንደ ምስክርነት ወይም ውክልና ያዩታል፤ ጉዳቱ ያነሰውን እጩ መምረጥ አቋሙን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። ነቢዩ ዩሱፍ በግብፅ ንጉሥ ሥር ግምጃ ቤት መምራታቸውንም ይጠቅሳሉ። ይህ ማስረጃ ሚዛን ይደፋል። ግን ድምፅ ምስክርነት ከሆነ፣ በገንዘብ ወይም በዝምድና መስጠት በሐሰት መመስከር ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል።

የምርጫ ታዛቢ ሆኖ ለረጅም ሰዓት ከጣቢያው መውጣት ያልቻለስ ሶላቱን እንዴት ይስገድ? የነቢዩ ባልደረባ ኢብን ዐባስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ያለ ፍርሃትና ያለ ዝናብ ዙህርን (የቀትር ሶላት) ከአስር (የከሰዓት ሶላት) አጣምረው መስገዳቸውን ዘግበዋል። በዚህ ተመርኩዘው፣ ልማድ እስካልሆነ ድረስ ማጣመርን የሚፈቅዱ ዑለማዎች (ሊቃውንት) አሉ። የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች ከሐጅ ውጭ አይፈቅዱም፤ ዙህርን በመጨረሻ ሰዓቱ፣ አስርን ገና ሲገባ መስገድ ግን እነሱንም ያስማማል።