«ሰማያዊ ነው፣ ምን ይሆናል?» እና ሌሎች ስለ ዊስለር የሳይክል መንገዶች የሚነገሩ ስህተቶች

ዊስለር ከቫንኩቨር በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የካናዳ የተራራ ከተማ ናት። ክረምቱን በበረዶ መንሸራተቻ፣ በጋውን በሳይክል ትኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው የሳይክል ፓርኳ ሰውንም ሳይክሉንም በገመድ በሚጎተት ሊፍት አውጥቶ ቁልቁል ይለቃል። ከሲያትልም በመኪና በአንድ ቀን ስለሚደረስባት፣ እዚያ ያለ አበሻም ቅዳሜ ጠዋት ሳይክሉን ሰቅሎ ሊሄድባት የሚችል ቦታ ናት።

መሄዱ ጥሩ ነው። የሚያሰለቸው ሊፍቱ ሥር ተሰልፎ የሚወራው ነው፤ በጋ አልፎ በጋ ሲመጣ አይለወጥም። አንዴ በጽሑፍ ይቀመጥና እንገላገል።

«ተራራ ነው፣ አየር ያጥራል።»

የከተማዋ መሀል ከባሕር ጠለል በላይ 670 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዊስለር ተራራ ጫፍ ራሱ 2182 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል። የሚያስለከልካችሁ ዳገቱ ነው።

«ሰማያዊ የትም ሰማያዊ ነው፤ መካከለኛ ማለት ነው።»

ከሁሉ የሚያናድደው ይኸኛው ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

የመንገዶቹ የክብደት ምልክቶች ከበረዶ መንሸራተቻ የተወረሱ ናቸው፦ አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ ካሬ መካከለኛ፣ ጥቁር ዳይመንድ ከባድ፣ ድርብ ጥቁር ዳይመንድ እጅግ ከባድ። ከቀለሙ ጀርባ መለኪያ አለ። በሰሜን አሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የዓለም አቀፉ የተራራ ሳይክል ማኅበር መመሪያ፣ አረንጓዴ መንገድ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ አማካይ ተዳፋቱ ከ5 በመቶ አይብለጥ፣ ዞረው የማያልፉት እንቅፋት ካለበትም ቁመቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይዝለል ይላል። ሰማያዊ ላይ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሊጠብ፣ አማካይ ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ እንቅፋቱም 20 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጥቁር ሲሆን 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው መንገድ፣ 15 በመቶ አማካይ ተዳፋት፣ እስከ 38 ሳንቲ ሜትር የሚቆም ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ይጠብቃችኋል።

ቁጥሮቹን ልብ በሏቸው። 6 ሳንቲ ሜትር የምታህል ሥርም፣ 20 ሳንቲ ሜትር የቆመ ድንጋይም ሁለቱም «ሰማያዊ» ናቸው። ለመጀመሪያው መሪውን ቀለል ማድረግ ይበቃል፤ ሁለተኛውን ግን የፊት ጎማ አንሥቶ ማለፍ የማይችል ሰው ፊት ለፊት ይላተመዋል። በዚያ ላይ መመሪያው ሕግ አይደለም። ቀለሙን የሚሰጠው የየአካባቢው ሰው ነው፤ የሚያወዳድረውም ከራሱ ሰፈር መንገዶች ጋር ነው። የዊስለር ሰፈር ደግሞ እርጥብ ጥቅጥቅ ደን፣ አፈሩ ተጠርጎ የተራቆተ ሥር፣ ድፍን አለትና ገደላማ ቁልቁለት ነው። ሜዳማ አገር «ጥቁር» ተብሎ የተለጠፈበት መንገድ እዚህ ቢመጣ ሰማያዊ ሊባል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ከለመዳችሁት ቀለም አንድ ደረጃ ወርዳችሁ ጀምሩ። ከቀለለላችሁ ሁለተኛው ዙር ላይ ትወጣላችሁ፤ ሊፍቱ የትም አይሄድም።

ሌላም አለ። የፓርኩ ካርታ መንገዶቹን በቀለም ብቻ አይደለም የሚለያቸው፤ በዓይነትም ይከፍላቸዋል፣ ይህንን ግን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። «ፍሪራይድ» የሚባሉት በማሽን የተሠሩ ናቸው፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ መታጠፊያቸው ወደ ውስጥ ያዘነበለ፣ የአፈር ዝላይ ያለባቸው። «ቴክኒካል» የሚባሉት ጠባብ ናቸው፤ ሥር፣ አለት፣ የእንጨት ድልድይ። ኤ-ላይን የሚባለው መንገድ ጥቁር ነው፤ ያጠቆረው ዝላዩና ፍጥነቱ ነው። ሽላየር የሚባለውም ጥቁር ነው፤ እሱን ያጠቆረው ግን ሥሩ፣ አለቱና ቁልቁለቱ ነው። ኤ-ላይንን ዘልሎ የጨረሰ ሰው «ጥቁር እነዳለሁ» ብሎ ሽላየር ይገባና ግማሹን ሳይክሉን እየገፋ ይወርዳል። ሥር ላይ ያደገ ሰውም ኤ-ላይን ላይ የመጀመሪያው የዝላይ ክምር ሲመጣ ይደርቃል።

እናም የፓርኩን ሠራተኛ ስትጠይቁ፣ መንገዱን ያንን ቀለም ያሰጠው ምን እንደሆነ ጠይቁት። «ዝላይ» ካላችሁ ፍጥነትን ሳትፈሩ መያዝ ትችሉ እንደሆን አስቡ። «ሥርና አለት» ካላችሁ የፍሬን አያያዛችሁንና ሚዛናችሁን። «ጠባብ ድልድይ» ካላችሁ ደግሞ ዓይናችሁን ከጎማው አንሥታችሁ የድልድዩ ጫፍ ላይ ማቆየት ትችሉ እንደሆን። አንዱን የሚችል ሌላውን ይችላል ማለት አይደለም።

«መዝለል ያልፈለገ ኤ-ላይንን እየተንከባለለ ያልፋል።»

አብዛኞቹ ዝላዮች አናታቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ጎማ ሳይለቁ መሻገር ይቻላል፤ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። አደጋው ከኋላችሁ ነው። የሚከተላችሁ ሰው አየር ላይ ከወጣ በኋላ ፍሬን መያዝ አይችልም፣ እናንተ ደግሞ ማረፊያው ላይ እየተንፏቀቃችሁ ናችሁ።

መሰላሉን በየተራ ውጡት፦ አረንጓዴው ኢዚ ዳዝ ኢት፣ ቀጥሎ ሰማያዊው ቢ-ላይን፣ ቀጥሎ ዝላይ ያለበት ሰማያዊ ክራንክ ኢት አፕ፣ ከዚያ በኋላ ኤ-ላይን። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ምልክት አላቸው። ኢዚ ዳዝ ኢት ላይ ፍሬኑን መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ጨርሳችሁ፣ መታጠፊያው ውስጥ ጣታችሁን ማላላት ከቻላችሁ ወደ ቢ-ላይን እለፉ። ቢ-ላይን ላይ ከላይ እስከ ታች መዳፋችሁ ሳይደነዝዝ ከወረዳችሁ ክራንክ ኢት አፕን ሞክሩ። ክራንክ ኢት አፕ ላይ ሁሉንም ክምር ተሻግራችሁ ሁለቱም ጎማዎች በማረፊያው ቁልቁለት ላይ ካልወረዱ፣ ለኤ-ላይን ጊዜው አልደረሰም። አጭር የሚቀረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚሠራው፤ ወደ ዝላዩ ሲቃረብ ፈርቶ ፍሬን ይነካል። የኋላ ጎማው የማረፊያውን ጠርዝ ይመታና ነጥሮ ወደ ፊት ይወረውረዋል። ክምሩ ላይ ፍሬን ከመንካት ይልቅ ከመነሻው በፊት ቆሞ ከመንገዱ መውጣት ይሻላል።

አዲስ መንገድ ሦስት ጊዜ ይነዳል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ለማየት፣ ሁለተኛ ያዩትን ለመድገም፣ ሦስተኛ ለመልቀቅ። ቆማችሁ ስታዩ ከመንገዱ ውጡ፤ ከዝላይ ማዶ ደግሞ በፍጹም አትቁሙ።

«ሰማያዊ ከሆነ ጉልበት አይጠይቅም።»

ቀለሙ የሚለካው ችሎታን ነው፤ ስለ ትንፋሽ አንድም ነገር አይናገርም። ሎርድ ኦቭ ዘ ስኩረልስ የሚባለው መንገድ ሰማያዊ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ሊፍት የለም፤ 1000 ሜትር ገደማ በእግር ጉልበት ይወጣል። በፓርክ ብቻ የለመደ ሰው ሰማያዊነቱን አይቶ አንድ ኮዳ ውሃ ይዞ ይነሣና ቁልቁለቱ ሲጀምር እጁ መሪውን መያዝ አቅቶት ይደርሳል። ከሊፍት ውጭ ላለ መንገድ ሁሉ ትሬይልፎርክስ በሚባለው የሳይክል መንገዶች ካርታ መተግበሪያ ላይ ርዝመቱንና የሚወጣውን ከፍታ ተመልከቱ፣ ቀለሙን ከዚያ በኋላ። ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፣ ምግብ፣ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ፓምፕ፣ የሰንሰለት መፍቻና ዝናብ መከላከያ ይያዝ። በረዶው ላይኛው ክፍል ላይ እስከ በጋው እኩሌታ ሊቆይ ስለሚችል መከፈቱንም አጣሩ።

ጉልበቱንም ችሎታውንም ገና የምትሞክሩ ከሆነ ከመንደሩ አጠገብ ሎስት ሌክ አለላችሁ። የሊፍት ትኬት አይጠይቅም፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መንገዶቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ሲደክማችሁም ወደ ከተማው መመለሻው ቅርብ ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል። የሚንቀውን ሰው «የዛፍ ሥሩ ላይ ንዳ» ብላችሁ ከኋላ ተከተሉት።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

«ቁልቁል ሲሆን ወደ ኋላ መለጠጥ ነው።» በጣም ወደ ኋላ ስትሄዱ የፊት ጎማው ክብደት ያጣል፤ መሪው ይዞራል፣ ሳይክሉ አይዞርም። ክብደቱ እግር ላይ ይሁን፤ ፔዳሎቹ እኩል፣ ደረት ዝቅ፣ ክርን ታጥፎ ወደ ውጭ። እጃችሁ መሪውን እየጎተተ ከሆነ ወደ ኋላ በዝቷል፣ እየተደገፈ ከሆነ ወደ ፊት በዝቷል።

«የፊት ፍሬን ይጥላል።» አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው እዚያ ነው። የሚጥለው በድንገት መጨምደድ ነው፣ በተለይ ጎማው ዞሮ ወይም ሥር ላይ ሳለ። በእያንዳንዱ እጅ አንድ ጣት በቂ ነው። የኋላውን ብቻ የሚይዝ ጎማውን ቆልፎ ይንሸራተታል፣ መንገዱንም ያርሰዋል።

«ቀስ ያለ አይወድቅም።» ሥር ላይ ይወድቃል። ጎማው ይሰነቀርና ሳይክሉ ይቆማል። ፍሬን በሥሮቹ መካከል ተይዞ ሥሩ ላይ ይለቀቃል።

«ጎማ ጠንከር ሲል ይሻላል።» ጠንካራ ጎማ ሥር ላይ ይነጥራል። ካላማዳሪ ለሌለው 2.4 ኢንች ጎማ፣ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ከፊት 23፣ ከኋላ 26 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከሰማችሁ 2 ጨምሩ።

«የኤሌክትሪክ ሳይክል ደረጃዬን ከፍ ያደርጋል።» ዳገቱን ያቀልላል። ቁልቁለት ላይ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሳይክል የምታቆሙት ራሳችሁ ናችሁ።

«ዝናቡ ካቆመ መንገዱ ያው ነው።» ደኑ ጥላ ነው፤ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ሥሩና እንጨቱ ረጥቦ ይቆያል። የረጠበ ቴክኒካል መንገድን አንድ ቀለም ጨምራችሁ ቁጠሩት፤ ሰማያዊውን እንደ ጥቁር። ሥርን በአግድም ሳይሆን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፣ ድልድይ ላይ ፍሬንም መታጠፍም አይነካ። በማሽን የተሠሩት መንገዶች ግን ቀላል ዝናብ ሲነካቸው አቧራቸው ይተኛል፣ ጎማም ይበልጥ ይይዛሉ፤ እንዲህ ባለ ጠዋት ሽላየርን ትታችሁ ቢ-ላይንን ደጋግሙት።