ስለ ፊልም ካሜራ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ በአንዳንድ ካፌዎች መደርደሪያ ላይ አሮጌ ዜኒት ካሜራ ተቀምጦ ታያላችሁ። አጠገቡ ራዲዮ፣ ቀጥሎ ባለ ክብ መደወያ ስልክ። ለዓይን ያምራል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር «ይሠራ ይሆን?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል። በደርግ ዘመን ወደ ሶቭየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ከሄዱት ውስጥ ዜኒት፣ ፌድ፣ ዞርኪ ወይም ፕራክቲካ ይዘው የተመለሱ ነበሩ። እነዚያ ካሜራዎች ዛሬም በየቁም ሳጥኑ አሉ። ልጆችና የልጅ ልጆች ሊያወጧቸው ሲነሱ ግን ከጎረቤትም ከቲክቶክም የሚሰሙት ነገር ያደናግራቸዋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እያነሳሁ እውነታውን ልንገራችሁ።

«ይኼ የትዝታ ጉዳይ ነው»

ትዝታማ አለበት። ግን ዛሬ ፊልም ከሚጭኑት ብዙዎቹ ፊልም በየሱቁ ሲሸጥ ያልደረሱ ወጣቶች ናቸው። የሚስባቸው ሌላ ነገር ነው።

አንዱ ቁጥሩ ነው። ባለ 36 ፊልም 36 ፎቶ ነው፣ ከዚያ አለቀ። ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆማችሁ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ለገሃር ስታዩ፣ በስልክ ቢሆን ሃያ ፎቶ ታነሳላችሁ። በፊልም ግን ሚኒባሱ እስኪያልፍ ትጠብቃላችሁ። ጥላው የት እንደወደቀ ታያላችሁ። ከዚያ አንዴ ትጫኑታላችሁ። ሌላው ከኋላ ስክሪን አለመኖሩ ነው። ሰው ስታነሱ ዓይናችሁ ከሰውየው አይነቀልም። እሱም «እስቲ ልየው» ብሎ መሀል ላይ አያቋርጣችሁም። ወሬው ይቀጥላል፣ ፊቱም ዘና ይላል። ይህን ልዩነት አንድ ፊልም የጨረሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ፊልም መመረት ካቆመ ቆየ»

አላቆመም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኪሳራ ማመልከቱ እውነት ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ዜና ነው። ነገር ግን ፊልም ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ሮቸስተር በሚገኘው ፋብሪካው ይመረታል። አቁሞት የነበረውን ኤክታክሮም የሚባል ፊልሙን እንኳ በ2018 መልሶ አምጥቶታል። የእንግሊዙ ኢልፎርድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይሠራል። ፔንታክስም በ2024 «ፔንታክስ 17» የሚባል አዲስ የፊልም ካሜራ አውጥቷል። ችግሩ ዋጋው ነው። «የፊልም ካሜራ ርካሽ መዝናኛ ነው» የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ካሜራው በርካሽ ይገኝ ይሆናል። ፊልሙ ግን ከውጭ የሚመጣ ነው፣ እያንዳንዱ ፎቶም ገንዘብ ይበላል።

«ፎቶው ካለ ኔጋቲቩን መጣል ይቻላል»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ፎቶ ቤት ፊልም ስናሳጥብ የሚሰጠን ፖስታ ትዝ ይላችኋል? ፎቶዎቹ አልበም ውስጥ ይገቡ ነበር። ቡናማዎቹ የፊልም ቁራጮች ግን ፖስታው ውስጥ ቀርተው ከፖስታው ጋር ይጣሉ ነበር። ዋናው ግን ኔጋቲቩ ነው። ወረቀቱ ከእሱ የወጣ ግልባጭ ነው። ወረቀቱ ይደበዝዛል፣ ይቀደዳል፣ ሻይ ይፈስበታል። ኔጋቲቩ ካለ ሌላ ማሳተም ይቻላል። ከዚያ አልፎ፣ የድሮው ወረቀት ላይ ጠቁሮ የቀረ ፊት ኔጋቲቩ ላይ በግልጽ ሊኖር ይችላል።

በአግባቡ ታጥቦ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ የጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። ምስሉ የተሠራው ከብር ማዕድን ስለሆነ ነው። ባለ ቀለሙ ግን ቀለሙ በጊዜ ብዛት ስለሚደበዝዝ ቶሎ ቢገለበጥ ይመረጣል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው ሽመልስ ደስታ ከአብዮቱ በኋላ አገር ጥሎ ለንደን ሲገባ ኔጋቲቮቹን ይዞ ነበር። ከዓመታት በኋላ እነዚያ ፎቶዎች እዚያው ለንደን ለሕዝብ ታዩ። ባይዛቸው ኖሮ ያ ሁሉ የቤተ መንግሥት ታሪክ ከእጃችን በወጣ ነበር። የእናንተ ቤት ታሪክም ቢሆን ከዚህ አያንስም። ፒያሳ ላይ እንደሆነው ሰፈር ሲፈርስ፣ የአያት ቤት ፊት ለፊት የተነሳ አንድ ኔጋቲቭ የዚያ ግቢ የመጨረሻ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ለመገልበጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአንዱን ስልክ ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ አብሩት። ኔጋቲቩን የስክሪኑ ነጠብጣብ እንዳይታይ ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርጉና በሌላ ስልክ አንሱት። ከዚያ ቀለሙን በፎቶ ማስተካከያ አፕ ወደ ተቃራኒው ቀይሩት፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር እንዲሆን። ጥራቱ የፎቶ ቤት ስካነር አያህልም፣ ግን ምን እንዳለበት ታያላችሁ። ጠርዙን ብቻ ያዙ። የጣት አሻራ ከገባበት በቀላሉ አይለቅም።

«ፊልም የጥቁር ሰው ቆዳ አያወጣም»

ይህ ግማሽ እውነት አለው፣ ስለዚህ በጥንቃቄ እንየው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቀለም ፎቶ አታሚዎች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል ፎቶ ነበር። በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ትክክል ነው ይባል ነበር። ፊልሙም ቡናማ ቀለሞችን አጥርቶ እንዲለይ አልተሠራም። ኮዳክ ነገሩን ለማሻሻል ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ነበር። የሰዎች ቅሬታ ሳይሆን የዕቃ ሻጮች ቅሬታ መሰማቱ ያማል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የመጡት ፊልሞች ግን ብዙ ተሻሽለዋል። በ1990ዎቹም የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ ወጣ። ዛሬ በሚሸጥ ፊልም የእኛ ፊት በደንብ ይወጣል። በጥቁርና ነጭ ከሆነማ፣ ከምኒልክ ዘመኑ ፎቶ አንሺ ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሥራውን ከወረሱት ልጆቹ ጀምሮ በዚህ ከተማ የተነሱትን ፎቶዎች ማየት ይበቃል።

ዛሬ ፊት የሚጠቁረው አብዛኛውን ጊዜ በአለካክ ስህተት ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ያየውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ያስባል። ለጥምቀት ጃንሜዳ ሂዱ። ዙሪያው ሁሉ ነጠላና ቀሚስ ነው፣ ነጭ በነጭ። መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሰዋል። ውጤቱ ግራጫ ነጠላና የጠቆረ ፊት ይሆናል። ፊልሙ ግን ምንም አላጠፋም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰውየው ባለበት ብርሃን ላይ መዳፋችሁን ዘርጉና ከመዳፋችሁ ለኩ። ከዚያ አንድ ስቶፕ ጨምሩ፣ ብርሃኑን እጥፍ አድርጉት ማለት ነው። መዳፍ ከሰው ሰው ብዙ ስለማይለያይ ለሁሉም ይሠራል። ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ወደ ብርሃኑ አድሉ። የኔጋቲቭ ፊልም የበዛ ብርሃንን ይችላል፣ ያነሰ ብርሃን ግን ይጎዳዋል። በዲጂታል የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ግር ይለዋል፣ እዚያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና።

«አሮጌ ካሜራ ራሱ ፎቶ ያሳምራል»

አያሳምርም። ዜኒት ላይ የሚገኘው ሄሊዮስ ሌንስ የጀርባ ብርሃንን ሲያሽከረክር ያምራል፣ ልክ ነው። ግን ቀን 6 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ የቆመ ሰው ብታነሱ ዓይኑ ሥር ጥላ ይወድቃል፣ የትኛውም ሌንስ አያድነውም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፀሐይዋ ትበረታለች፣ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ትሆናለች። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ሌላ ነው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ከሆነ ደግሞ ቢጫ ፊልተር ብታደርጉ ሰማዩ ትንሽ ይጠቁራል፣ ደመናው ይለያል።

«ለማጠብ የግድ ውጭ አገር መላክ ነው»

የግድ አይደለም። ባለ ቀለም ፊልም እንክብካቤ ይፈልጋል። ዋናው ማጠቢያ 38 ዲግሪ ላይ መሆን አለበት፣ ጊዜውም 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው። ጥቁርና ነጭ ግን ቤት ውስጥ ይታጠባል። የሚሠራው በ20 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የአዲስ አበባ አየር ይመቻል። ብርሃን የማያስገባ ታንክ፣ ቴርሞሜትር፣ ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል (ዴቨሎፐር) እና ምስሉን የሚያጸናው (ፊክሰር) ይበቃል። ከባዱ ነገር ፊልሙን በጨለማ ታንኩ ውስጥ መጠቅለል ነው። ለዚያ በተበላሸ ፊልም፣ መጀመሪያ ዓይን ተከፍቶ፣ ቀጥሎ ተጨፍኖ መለማመድ ነው።

አሁን ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። ፊልም በቡና ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም የፎቶ ኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ስኮት ዊሊያምስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሞክረው አሳይተውታል። ዘዴው ካፌኖል ይባላል። ኔስካፌ የምንለው በውኃ የሚሟሟ ቡና፣ ሶዲየም ካርቦኔትና የቫይታሚን ሲ ዱቄት ይቀላቀላል። 15 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚሠራው ካፌይኑ ይመስለዋል። አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድ ነው። ስለዚህ የይርጋጨፌ ቡናችሁን አትሠዉ! ሮቡስታ የሚበዛበት ርካሽ ቡና ከአረቢካ የተሻለ ያጥባል። ሶዲየም ካርቦኔት ከቤኪንግ ሶዳ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ቤኪንግ ሶዳውን ምድጃ ውስጥ በደንብ ብታግሉት ግን ወደ ካርቦኔት ይለወጣል።

ሽታው እንደ ቡናችን አይደለም፣ መስኮት ክፈቱ። ፊክሰሩ ግን በቡና አይተካም፣ መግዛት ይሻላል። ያገለገለው ፊክሰር ብር ስለሚይዝ ጓሮ አትድፉት።

«ባትሪው ከጠፋ ካሜራው ሞቷል»

እንደ ካሜራው ነው። ዜኒት ኢ ባትሪ ጭራሽ የለውም። መለኪያው በብርሃን የሚሠራ ሴሊኒየም ነው። እሱ ቢደክም እንኳ ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ይሠራል። ፔንታክስ ኬ1000 ባትሪ የሚፈልገው ለመለኪያው ብቻ ነው። ካነን ኤኢ-1 ግን ያለ ባትሪ ፎቶ አያነሳም። አንዳንድ ካሜራዎች የሜርኩሪ ባትሪ ነበር የሚወስዱት። እሱ በመርዛማነቱ ቀርቷል። በዘመኑ ባትሪ ከተተካ መለኪያው ሊሳሳት ይችላል። መለኪያ ከሌለ በስልክ አፕ መለካት ይቻላል። ጥርት ባለ ፀሐይ ደግሞ የድሮው ዘዴ አለ፦ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) 16 ላይ፣ የሻተሩን ፍጥነት የፊልሙ የብርሃን ቁጥር (አይኤስኦ) አካባቢ ላይ። 400 ፊልም ከሆነ 1/500 ማለት ነው።

ፌድና ዞርኪ ያላችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። ፊልሙን ሳታጠነጥኑ የሻተር ፍጥነቱን አትቀይሩ። ማሽኑን ይሰብራል።

«የኋላው ክዳን ከተከፈተ ሁሉም ተቃጠለ»

ወዲያው ዝጉት። ገና ያልተነሳው ፊልም ካርትሪጁ ውስጥ ደህና ነው። የተነሳውም ቢሆን ከላይ ያሉት ዙሮች ይቃጠላሉ እንጂ ውስጥ የተጠቀለሉት ሊተርፉ ይችላሉ። ጨርሳችሁ አሳጥቡት።

«የአየር ማረፊያ ኤክስሬይ ፊልም አይነካም»

ይነካል። የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ፊልም በጭራሽ አታስገቡ፣ እዚያ ያለው ጨረር ይበረታል። በእጅ ቦርሳ የያዛችሁትን 400 ፊልም የድሮው ዓይነት ማሽን ብዙም አይጎዳውም። 800ና ከዚያ በላይ ግን አደጋ አለው። በየአገሩ እየገቡ ያሉት ሲቲ ስካነሮች ደግሞ የትኛውንም ፊልም ያበላሻሉ። ፊልሙን በሚያሳይ ላስቲክ ለይታችሁ ያዙና በእጅ እንዲፈተሽ በትሕትና ጠይቁ።

«በቆዳ ቦርሳው ከተቀመጠ አይበላሽም»

የሚያበላሸው ራሱ ቦርሳው ነው። ቆዳው እርጥበት ይይዛል። ክረምት ሲገባ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ይወጣል፣ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። ካሜራውን ከቦርሳው አውጡና አየር የሚያገኝ ቦታ አስቀምጡት፣ ወይም እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር በሚዘጋ ዕቃ።

የቤታችሁን ካሜራ ዛሬ ካወጣችሁ፣ መጀመሪያ ውስጡ ፊልም መኖሩን አረጋግጡ። የመጠቅለያውን እጀታ በቀስታ አዙሩ። ከከበዳችሁ ፊልም አለበት፣ አትክፈቱት። ባዶ ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ወደ መስኮት አዙራችሁ፣ አጠንጥናችሁ፣ በ1/30 ላይ ተጫኑት። ብርሃኑ ብልጭ ብሎ ካለፈ ሻተሩ ይከፈታል። ሁሉንም ፍጥነቶች፣ መጀመሪያ እያጠነጠናችሁ፣ በየተራ ሞክሩ። ሌንሱን በባትሪ መብራት እዩ። ከዚያ አንድ ፊልም ግዙለት።