ዜሮ ነጥብ ምንድን ነው? በአውቶካድ የተሳለ ግድግዳስ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ ባሉ የዲዛይን ቢሮዎች የተለመደ ምሬት አለ። ቀያሹ የላከውን የቦታ ፋይል አውቶካድ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ከፍቶ ሕንፃውን እዚያው ላይ መሳል የጀመረ ሰው፣ ሥዕሉን ባጎላ ቁጥር መስመሮቹ ይንቀጠቀጡበታል፤ ሃቹ (ቦታ የሚሞላው የመስመር ሙሌት) ይዛባል ወይም ይጠፋል፤ የተገናኙ ጫፎች ተላቀው ይታያሉ። መጀመሪያ ሪጄን፣ ማለትም ምስሉን እንደ አዲስ የሚያስለው ትእዛዝ፣ ይታዘዛል። እምቢ ሲል ፕሮግራሙ ተነቅሎ እንደገና ይጫናል። በመጨረሻ ጥፋቱ ምስሉን ወደ ስክሪን በሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ላይ ይላከክና አዲስ ካርድ ይገዛል። ገንዘቡ ወጥቶም መስመሩ መንቀጥቀጡን አይተውም፤ ብዙ ጊዜ መንስኤው ሥዕሉ ከዜሮ ነጥብ መራቁ ነውና።

ዜሮ ነጥብ ኤክስም ዋይም ዜሮ የሚሆኑበት፣ የሥዕሉ ልኬት ሁሉ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ፕሮግራሙ የአንድን ግድግዳ ጫፍ የሚያስታውሰው ከዚህ ነጥብ ባለው ርቀት ነው። ባዶ ፋይል ከፍተን ቤት ስንስል ርቀቱ ጥቂት አሥር ሜትሮች ቢሆን ነው። የቀያሹ ፋይል ግን፣ በይዞታ ካርታ ላይ እንዳሉት የማዕዘን ነጥቦች፣ ምድርን በዞን ከፋፍሎ ቦታን በሜትር በሚለካው ሥርዓት፣ በዩቲኤም፣ 37ኛ ዞን የተለካ ነው። በዚህ ሥርዓት መስቀል አደባባይ በምሥራቅ ወደ 474 ሺህ፣ በሰሜን ወደ 996 ሺህ ሜትር ላይ ይገኛል፤ ስድስት ኪሎ ሲደረስ የሰሜኑ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ሰሜኑ የሚቆጠረው ከምድር ወገብ፣ ምሥራቁ ደግሞ ከ39ኛው ኬንትሮስ 500 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ከሚርቅ መስመር ተነሥቶ ነው። ሁለቱ ዜሮዎች የሚገናኙት ኬንያ ውስጥ፣ ከኪሱሙ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ የመታጠቢያ ቤት በር ስንስል ኮምፒውተሩ ሜትሩን የዘረጋው ከ1,100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው ማለት ነው።

ፋይሉ ራሱ በዚህ አይቸገርም። አውቶካድ እያንዳንዱን ቁጥር በ64 ቢት ስለሚያስቀምጥ በአንድ ሚሊዮን ሜትር ርቀትም ቢሆን ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ያነሰ ልዩነት ይለያል። ጣጣው የሚጀምረው ሥዕሉ ወደ ስክሪን ሲላክ ነው። ግራፊክስ ካርድ ለፍጥነት ሲል በአብዛኛው በ32 ቢት ይሠራል፤ ይህም ሰባት አሃዝ ያህል ብቻ ይይዛል። ከ996 ሺህ ስድስቱ አሃዝ ለሙሉ ሜትሮቹ ስለሚያልቅ ለሴንቲሜትሩ የሚተርፈው እንጥፍጣፊ ነው። ሲሰላ፣ ከ524,288 እስከ 1,048,576 ባለው ክልል በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት 6.25 ሴንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ ባለ 20 ሴንቲሜትር የብሎኬት ግድግዳ እንደ ቆመበት ቦታ 18.75 ወይም 25 ሆኖ ይወጣል፤ ባለ 10ሩ ወይ 6.25 ነው ወይ 12.5። የ2 ሴንቲሜትር ልስን አንዴ ጨርሶ ይሰወራል፣ አንዴ ከስድስት ሴንቲሜትር በላይ ያብጣል። በምሥራቅ በኩል ቁጥሩ ስለሚያንስ ክፍተቱም ግማሽ ነው። ሥዕሉን ወደ ሚሊሜትር መቀየርም አያድንም፤ ያን ጊዜ ክፍተቱ 64 ሚሊሜትር ይሆናል።

አንዳንድ ፕሮግራሞች ቁጥሩን ወደ ካርዱ ከመላካቸው በፊት ስለሚቀንሱት ሁሉም ፋይል እኩል አይታመምም። ሬቪት የተባለው የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ደግሞ ሞዴሉ ከውስጣዊ መነሻው ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ይመክራል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት በስክሪኑ ላይ የታየውን ክፍተት «ለማስተካከል» መስመሩን በእጅ መጎተት ነው። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ምስሉ ነው። መስመሩ ሲጎተት ግን ቁጥሩ ራሱ ይበላሻል፤ ይህ ስሕተት ደግሞ ሳይት ላይ ምሰሶ ከተተከለ በኋላ ይገለጣል።

መለያው ቀላል ነው። የታመመውን ክፍል በኮፒቤዝ (መያዣ ነጥብ መርጦ በሚቀዳው ትእዛዝ) አንሥቶ አዲስ ፋይል ውስጥ 0,0 ላይ መለጠፍ። እዚያ ከጸና ጥፋተኛው ርቀቱ ነው። እዚያም ከተንቀጠቀጠ ካርዱን መጠርጠር ተገቢ ስለሆነ ሃርድዌር አክሰለሬሽኑን (ሥዕሉን ለካርዱ የሚያስረክበውን ቅንብር) አጥፍቶ ማየት፣ ከዚያም የካርዱን ድራይቨር ማደስ ነው። ክብ ነገር ባለ ብዙ ማዕዘን መስሎ ከታየ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ እዚያ ላይ ሪጄን በእርግጥ ይሠራል።

መፍትሔውን በዩሲኤስ፣ ማለትም ሰው የራሱን ዜሮ በሚመርጥበት ትእዛዝ፣ የሚፈልጉ አሉ። ዩሲኤስ የሚቀይረው የምናነበውን ቁጥር ነው፤ ሥዕሉ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። የቀያሹን ፋይል ጎትቶ ዜሮ ላይ ማምጣትም ስክሪኑን ያረጋጋል እንጂ ለግንባታ ፈቃድና ለቅየሳ የሚያስፈልጉትን ነጥቦች ያጠፋል። እኔ የምመርጠው ሕንፃውንና ቦታውን መለየት ነው። ሕንፃው በራሱ ፋይል ዜሮ አጠገብ ይሳላል፣ የቀያሹ ፋይል እንደ መጣ ይቀመጣል፣ ሕንፃው በታወቀ ማዕዘን ላይ በኤክስሬፍ (አንዱን ፋይል ከሌላው ጋር በማያያዝ) ይገባበታል። በቦታው ፋይል ውስጥ መንቀጥቀጡ ሊቀጥል ይችላል፤ እዚያ ግን በር የሚስል የለም። ሃች የግድ እዚያ ላይ ከተሠራ የሃቹን መነሻ ወደ ሕንፃው ማዕዘን ማምጣት ይበቃል።

ዙም ኤክስቴንትስ (ሥዕሉን በሙሉ አሳይ) ተብሎ ሕንፃው ጥግ ላይ እንደ ጠብታ ከታየ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ያልወጣ ነገር አለ፤ አንድ የተረሳ ጽሑፍ ወይም አጭር መስመር 0,0 ላይ ቀርቷል። ፈልጎ መሰረዝ ነው።