ከቨር አፕ ምንድን ነው? ታቱን በታቱ መሸፈን

አንዲት ጓደኛዬ እጇ ላይ፣ ሰዓት የሚታሰርበት ቦታ፣ "ዳ" የምትል ፊደል አለቻት። በ19 ዓመቷ ፍቅር ይዟት የተነቀሰቻት ናት። ፍቅሩ ሁለት ዓመት አልሞላም። "ዳ" ግን የትም አልሄደችም። ሰፊ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ገዛች፤ ሰዓቱ ሲወልቅ "ዳ" ቁጭ ብላለች። በመጨረሻ "ከቨር አፕ ላሠራ ነው፣ ትንሽዬ ቢራቢሮ" አለችኝ። አብሬያት ሄድኩ። ታቱ ሠሪው እጇን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየና ሳቀ። "ትንሽዬ ቢራቢሮ ይቺን አትችላትም" አላት።

ለምን እንደሳቀ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከቨር አፕ ማለት አሮጌ ታቱን ወይም ጠባሳን በአዲስ ታቱ መሸፈን ነው። ይባላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የሚሸፈን ነገር የለም። ግድግዳ ስታስቀቡ አዲሱ ቀለም አሮጌው ላይ ይደረባል። ቆዳ እንደዚያ አይደለም። የታቱ ቀለም የሚቀመጠው ከላይኛው ስስ ሽፋን ስር፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። አዲሱም ቀለም የሚገባው እዚያው ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ ዓይናችን የሚያየው ድብልቃቸውን ነው። ጥቁር ላይ ቢጫ ብትጨምሩ የሚወጣው ቢጫ ሳይሆን የቆሸሸ ጥቁር ነው።

አሮጌው ቀለም ለምን አይለቅም? የሰውነታችን የመከላከያ ሴሎች ቀለሙን እንደ ባዕድ ነገር ይውጡታል፤ ግን ሊፈጩት አይችሉም። በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያዩት ነገር ደስ ይላል፦ ቀለሙን የያዘው ሴል ሲሞት ጎረቤቱ ቀለሙን ተቀብሎ ይውጠዋል። ቅብብሎሽ ነው። "ዳ"ም በዚህ ቅብብሎሽ ነው ዓመታት የቆየችው።

ስለዚህ የጎበዝ ታቱ ሠሪ ሥራ ዓይንን ማታለል ነው። የአዲሱን ሥዕል ጥቁርና ድፍን ያለውን ክፍል አሮጌው መስመር ላይ ያሳርፋል። ብርሃን ያለውን ክፍል ደግሞ ንጹሑ ቆዳ ላይ ይሠራል። ለዚህ ቦታ ያስፈልገዋል። አዲሱ ታቱ ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚተልቀው ለዚህ ነው። ላባ፣ ቅጠል፣ የዓሣ ቅርፊት፣ የአንበሳ ጎፈር የሚመረጡትም ዝም ብሎ አይደለም። መስመር የበዛበት ሥዕል ውስጥ አንድ አሮጌ መስመር ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል?

የእኛ ቆዳ ላይ ሌላም ነገር አለ። የቆዳችንን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ያለው ከታቱው በላይ ነው። እያንዳንዱን ቀለም በቡናማ መስታወት በኩል እንደማየት ቁጠሩት። ነጭና ፈዛዛ ቢጫ እምብዛም አይታዩም። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ያማረ ከቨር አፕ አብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ የተሠራ ነው፤ ያንን አሳይቶ "እንደዚህ ሥራልኝ" ማለት ትርፉ ብስጭት ነው። ታቱ ሠሪው ራሱ ጠይም ቆዳ ላይ የሠራው፣ ከዳነ በኋላ የተነሳ ፎቶ ካለው ያሳያችሁ። ከሌለው ሌላ ፈልጉ።

አሮጌው በጣም ከጠቆረ መጀመሪያ በሌዘር ማደብዘዝ ይሻላል። ጨርሶ ማጥፋት የግድ አይደለም፤ ሲደበዝዝ ለሠሪው ምርጫ ይሰፋለታል። በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ በእያንዳንዱ የሌዘር ዙር መሃል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ማረፍ አለ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለጠቆረ ቆዳ 1064 ናኖሜትር የሚባለው የጨረር ዓይነት ይመረጣል፤ ሜላኒኑ ያን ያህል ስለማይስበው። ያልሆነ ሌዘር ቆዳውን ሊያቃጥል ወይም ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። የፊልም ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊ የቀድሞ ባሏን ስም በሌዘር አስጠፍታ፣ ቦታው ላይ ልጆቿ የተገኙባቸውን አገሮች አቅጣጫ ጠቋሚ ቁጥሮች አስነቅሳለች። አንዱ መስመር ወደ እኛው ኢትዮጵያ ይጠቁማል።

ስለ ንቅሳት ከተነሳ፣ የእናቶቻችን አንገትና ግንባር ላይ ያለውን "በከቨር አፕ ይጠፋል ወይ?" የሚል ሰው ይኖራል። በጥላሸት የተሠራ ነው፤ ዘመን ሲቆጥር አረንጓዴ መሳይ ይሆናል። ግንባር ላይ ያለን መስቀል ለመሸፈን ሦስት እጥፍ የሚተልቅ ነገር ፊት ላይ ማስነቀስ ነው፤ ማን ይደፍራል? እስራኤል ከገቡ ቤተ እስራኤላውያን እናቶች መካከል እንዲህ ያለውን መስቀል በሌዘር ያስነሱ አሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል። የእኔ አያት ግን አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት እንደ ወርቅ ነበር የምታየው። እኔም እንደዚያው ነው የማየው።

ጠባሳ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። የጠባሳ ችግር ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ መጉበጡና መጎድጎዱም ነው። ታቱ ደግሞ ያበጠን አያስተኛም። ጠባሳ ቀለም የሚቀበለውም እንደፈለገው ነው፤ አንዳንድ ቦታ ይስፋፋል፣ አንዳንድ ቦታ ይተፋዋል። ስለዚህ ድጋሚ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ጠባሳው ቢያንስ ዓመት ይሙላው፤ ቀለሙና ቅርጹ መለወጥ ያቁም።

ከሁሉም በላይ ግን ኬሎይድ። ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ያበጠ ጠባሳ ነው። ጥቁር ሕዝቦች ላይ ይበዛል፣ በዘርም ይሄዳል። ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት እህት ወይም የኦፕራሲዮን ስፌቱ እንደ ገመድ የወጣበት አጎት ካላችሁ ልብ በሉ። የታቱ መርፌም ያው ቁስል ነው የሚያወጣው። ልትሸፍኑ ሄዳችሁ የባሰ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ኬሎይድ ያለበት ሰው ከታቱ ሠሪ በፊት የቆዳ ሐኪም ይይ። ማርያም የሳመችውን ጥቁር ነጥብም አትሸፍኑት፤ አንድ ቀን ቢለወጥ ሐኪም ማየት አለበት።

ይሄ ሁሉ ማስፈራሪያ ሲሆን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ለተወገደ ሴቶች የጡት ጫፍ የሚነቅሱ ባለሙያዎች አሉ። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የሚሠራው ቪኒ ማየርስ በዚህ ይታወቃል። ጥላና ብርሃን እያስማማ፣ ጠፍጣፋ ቆዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ ጫፍ ይሥላል። በእጅ ሲነኩት ግን ጠፍጣፋ ነው።

ጓደኛዬ ሌዘሩን ሦስት ጊዜ ተመላለሰችበት። ከዚያ ቢራቢሮውን ትታ ከአውራ ጣቷ ስር ተነስቶ ወደ ክንዷ የሚወጣ የወይራ ቅርንጫፍ አሠራች። አምሮባታል። ሰዓቱን ለእህቷ ሰጠችው። ባለፈው ቡና እየጠጣን "ዳ የታለች?" አልኳት። እጇን ወደ መስኮቱ አዞረችና ሦስተኛውን ቅጠል አሳየችኝ። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ አየሁ። አለች።