የቧንቧ ደጋፊ ብሎኖች «አራት እጥፍ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 1979 ያወጣው 79-02 የተባለ ሰነድ በብዙዎች ዘንድ በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። ጉዳዩ በኮንክሪት ጉድጓድ ውስጥ እየሰፉ የሚነክሱና የቧንቧ ደጋፊዎችን ከግድግዳ ጋር የሚያስሩ ብሎኖች ናቸው። የብሎኑ የመጨረሻ አቅም ከተሰላበት ጭነት ቢያንስ 4 እጥፍ፣ ቀፎ (ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ኮንክሪቱን የሚነክስ፣ ብሎኑ የሚገባበት የብረት ቱቦ) ላላቸው ዓይነቶች ደግሞ 5 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ግን «አራት እጥፍ መጫን ይቻላል» ማለት አይደለም፤ ትርፉ የተያዘው ለኮንክሪቱና ለአተካከሉ ጉድለት ነው።

ዋናው ወጥመድ ያለው ደጋፊው በብሎኖቹ ከግድግዳ ጋር በሚታሰርበት ብረት ሳህን ላይ ነው። መሐንዲሶች ሳህኑ አይታጠፍም ብለው ያሰሉ ነበር። ጭነት ሲስበው ግን ይታጠፋል፤ ጠርዙ ኮንክሪቱን ተደግፎ እንደ መፈንቅል ብሎኑን ይነቅላል። ስለዚህ ብሎኑ የሚሸከመው ከውጭ ከመጣው ጭነት ይበልጣል፤ በወረቀት ላይ 4 የነበረውም በተግባር ያንሳል።

ብሎኑን በመፍቻ አጥብቆ መፈተሽም ሊያታልል ይችላል። የቀፎው አፍ ሳህኑን ከነካ ብሎኑ የሚያጠብቀው ቀፎውን ከሳህኑ ጋር ብቻ ነው፤ ቀፎው ኮንክሪቱን በቅጡ ባይነክስም የመፍቻው ንባብ ትክክል ይመስላል።