የሰው አጥንት፦ አሠራሩ፣ እድገቱና ጥገናው

አጥንት ሕያው የሰውነት ክፍል ነው። ደም ይዘዋወርበታል፣ ነርቭ አለው፣ ሲሰበር ያማል፣ ከዚያም ስብራቱን ራሱ ይጠግናል። በሥጋ ቤት ደጃፍ ወጥቶ ወይም ከመሬት ተቆፍሮ የምናየው ግን ደርቆና ነጥቶ ስለሆነ ይህን እንረሳዋለን። የአዋቂ ሰው አፅም 206 አጥንቶች አሉት። ከእነዚህ 106ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ፣ የሚገኙት በሁለቱ እጆች ከአንጓ እስከ ጣት፣ በሁለቱ እግሮች ደግሞ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ባለው ቦታ ነው። ረጅሙ የጭን አጥንት ሲሆን ትንሿ ጆሮ ውስጥ ሆና ድምፅ የምታስተላልፍ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች አጥንት ናት።

አጥንት የሁለት ነገሮች ውሕደት ነው። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ማዕድን ነው፤ በአብዛኛው ካልሲየምና ፎስፌት። ጠንካራ የሚያደርገው ይህ ነው። ቀሪው በብዛት ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ክርና ውሃ ሲሆን በቀላሉ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። ሁለቱን ለይቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ወጥ ቤት ይበቃዋል። የዶሮ እግር አጥንት ኮምጣጤ ውስጥ ጥቂት ቀናት ቢነከር አሲዱ ማዕድኑን ያሟሟውና አጥንቱ ቅርጹን ሳይለቅ መተጣጠፍ ይጀምራል። ሌላውን አጥንት ፍም ላይ ቢያቆዩት ደግሞ የሚቃጠለው ኮላጅኑ ነው፤ ቅርጹ እንዳለ ይቀራል፣ ግን በጣት ሲጫኑት ይፈረካከሳል።

ሐረር ላይ የኮምጣጤው ሙከራ ሲመሽ በጅብ ሆድ ውስጥ ይደገማል። ከጁገል ግንብ ውጭ ሥጋና አጥንት የሚመገቡት ጅቦች አጥንቱን በመንጋጋቸው ሰባብረው ይውጡታል፤ በጨጓራቸው ያለው ኃይለኛ አሲድ ማዕድኑን ያሟሟል፣ ኮላጅኑና መቅኔው ምግብ ይሆናቸዋል። ከተረፈው ካልሲየም ብዙው ከዓይነ ምድራቸው ጋር ይወጣል። የጅብ ዓይነ ምድር ሲደርቅ ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በድሬዳዋ በኩል ተቃራኒው ይታያል። ከከተማዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ፈረንሳውያኑ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬይድ እ.ኤ.አ. በ1929 ዋሻውን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቁ፤ በ1933 በተካሄደው ቁፋሮ ደግሞ የሰው የታችኛው መንጋጋ ቁራጭ ተገኘ። በኋላ በ1970ዎቹ የተደረጉት ቁፋሮዎች በርካታ የድንጋይ መሣሪያዎችንና የእንስሳት አጥንቶችን አውጥተዋል፤ ከአጥንቶቹም በአንዳንዶቹ ላይ የድንጋይ ስለት የተወው የመቁረጫ ምልክት አለ። አጥንት በአሲዳማ አፈር ውስጥ እየሟሟ ይጠፋል። የኖራ ድንጋይ ግን አሲዱን ስለሚያረክሰው በእንዲህ ዓይነት ዋሻ ለአሥር ሺዎች ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ረጅም አጥንት በመጋዝ ቢሰነጠቅ ከውጭ ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን፣ ወደ ጫፎቹ ደግሞ በቀዳዳ የተሞላ ቀለል ያለ ክፍል ይታያል። ያ ቀዳዳ ክፍል በዘፈቀደ የተሠራ አይደለም፤ ቀጫጭን ዘንጎቹ ክብደት በሚመጣበት አቅጣጫ ተሰልፈዋል። በዚህ ምክንያት አፅም በጠቅላላው ከሰውነት ክብደት 15 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ሌላውን ሁሉ ይሸከማል። ከላይ አጥንቱን የሚሸፍን ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን አለ፤ ደም ሥርና ነርቭ የበዛበት ስለሆነ ቅልጥም ሲመታ የሚያንገበግበው ሕመም ከዚያ ይመጣል።

በውስጥ መቅኔ አለ። ቀዩ መቅኔ የደም ፋብሪካ ነው፤ በጤነኛ አዋቂ ውስጥ በየሰከንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሠራል። በሕፃን ውስጥ መቅኔው በሙሉ ማለት ይቻላል ቀይ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች መቅኔ ወደ ቢጫ፣ ወደ ስብ ይለወጣል። ስብራት ለደረሰበት ሰው ቅልጥም መቀቀል በእኛ ዘንድ የተለመደ እንክብካቤ ነው። ሾርባው ይጣፍጣል፣ ጉልበትም ይሰጣል፤ ከአጥንቱ ወደ ውሃው የሚወጣው ካልሲየም ግን ጥቂት ነው። ለዚያስ ከድሬዳዋ ገበያ የሚገኘው የግመል ወተት ይሻላል።

አዲስ የተወለደ ልጅ አጥንቶች ወደ 300 ይጠጋሉ። ቁጥሩ ወደ 206 የሚወርደው አጥንት ጠፍቶ ሳይሆን ተጋጥሞ ነው። አብዛኛው አፅም በማሕፀን ሲጀምር ልም አጥንት ነው፤ ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሉታል። እየቆየ በአጥንት ይተካል። የራስ ቅል ጣራ ግን ከልም አጥንት ሳይሆን በቀጥታ ከስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሰሌዳዎቹ እስኪገጣጠሙም እናቶች ቅቤ የሚያኖሩበት እርግብግቢት ክፍት ይቆያል። ይህ ክፍተት በወሊድ ጊዜ ጭንቅላቱ እንዲጠብና አንጎሉ በፍጥነት እንዲያድግ ይረዳል። የፊተኛው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይዘጋል። በድሬዳዋ ሙቀት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን እርግብግቢቱ ጎድጎድ ካለ የፈሳሽ እጥረት ምልክት ነውና ኦ.አር.ኤስ. እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንጂ ቅቤ መጨመር አይፈይድም።

ቁመት የሚጨምረው በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ባለ የልም አጥንት ንጣፍ ላይ ነው። ንጣፉ በአንድ በኩል ይራባል፣ በሌላው በኩል ወደ አጥንት ይለወጣል። በጉርምስና ማብቂያ ንጣፉን የሚዘጋው ሆርሞን ኤስትሮጅን ነው፤ በወንዶችም ጭምር። ሴቶች ቀድመው ስለሚጎረምሱ ቀድመው መርዘም ያቆማሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ከደረት እስከ ትከሻ የሚዘረጋው አጥንት ነው፤ በማሕፀን አጥንት መሆን ከሚጀምሩት የመጀመሪያው፣ ሙሉ በሙሉ ከሚጋጠሙት ደግሞ የመጨረሻው፣ ሃያዎቹን ዕድሜ ካጋመሱ በኋላ።

ለዚህ ሁሉ ካልሲየም ብቻ አይበቃም፤ ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ቆዳችን ደግሞ ይህን ቫይታሚን የሚሠራው በፀሐይ ነው። ድሬዳዋ ፀሐይ አይጎድላትም፤ ሐረርም እንደዚያው። ይሁን እንጂ ፀሐይ በሞላበት አገር ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ በሕፃናት ላይ ይታያል፤ ምክንያቱም ልጁ ከቤት ካልወጣ፣ ወይም ቡዳን ፈርተው ጠቅልለው ካወጡት፣ ብርሃኑ ቆዳውን አይነካውም። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይም አይረዳም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጠይም ቆዳ ደግሞ ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የበሽታው ምልክቶች የተጣመሙ እግሮች፣ ያበጠ የእጅ አንጓ፣ ዘግይቶ መራመድ ናቸው። በምግብ በኩል፣ በሐረርጌ ገበታ የሚበዛው ማሽላ ካልሲየሙ አነስተኛ ነው፤ ጤፍ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ማሽላ የሚዘወተርበት ቤት ወተትና ጎመን ሊለየው አይገባም።

እድገት ካበቃ በኋላም አጥንት አርፎ አይቀመጥም። በየዓመቱ ከአዋቂ አፅም 10 በመቶ ያህሉ ይፈርሳል፣ በቦታውም አዲስ ይሠራል። አፍራሾቹ ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ትልልቅ ሕዋሳት ናቸው፤ አጥንቱ ላይ ተለጥፈው አሲድ ያፈሱበታል፣ ማዕድኑን አሟሙተው ኮላጅኑን ይፈጩታል። በጅቡ ጨጓራ የሚሆነው በእኛም አጥንት ውስጥ፣ በጣም ባነሰ መጠን፣ ሌሊትና ቀን ይከናወናል ማለት ነው። ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ገንቢዎች ከኋላ ተከትለው ጉድጓዱን ይሞላሉ። ማፍረሱ ሁለት ጥቅም አለው፦ በእርምጃና በሸክም የሚፈጠሩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይታደሳሉ፣ ደምም ካልሲየም ሲያንሰው ያገኛል። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው፤ ልብ እንዲመታና ጡንቻ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ግን በደም ያለው ጥቂቱ ነው። እሱ ሲቀንስ በአንገት ውስጥ ያሉ አራት ትናንሽ ዕጢዎች ሆርሞን ልከው ከአጥንት ያስመዝዛሉ። የምታጠባ እናት አጥንት ለጊዜው የሚሳሳውም ካልሲየሙ ወደ ወተቱ ስለሚሄድ ነው፤ ጡት ካስጣለች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ገንቢዎቹ የት እንደሚበረቱ የሚወስነው ጫና ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ጠጋኝ ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 እንዳብራራው አጥንት በሚሸከመው ልክ ቅርጹን ያስተካክላል። ለወራት ከአልጋ የማይነሳ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፤ ዳገት የሚወጣና የሚሸከም ይጠነክራል። ክምችቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ላይ ጫፍ ይደርስና ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሴቶች የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ መውረዱ ይፈጥንባቸዋል። በእርጅና የጀርባ መጉበጥና በትንሽ መውደቅ የሚመጣ የዳሌ ስብራት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል።

አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ ደም ይቋጥራል። ከዚያ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩ በሳምንታት ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጥና በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት፣ ቅርጹን ያስተካክላል። ቆዳ ሲቆስል ጠባሳ ይተዋል፤ አጥንት ግን ራሱን በእውነተኛ አጥንት ይተካል። የአዋቂ ክንድ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የጭን አጥንት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የልጅ ይፈጥናል፤ ሲጋራ ያዘገየዋል።

በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ ብዙ ሰው ስብራት ሲደርስበት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ዋጋው ይቀላል፣ ሰፈር ውስጥ ነው። ልምድ ያለው ወጌሻ ወለምታና ቀላል ውልቃት ሲያቃና ማየት አክብሮት ያሳድራል፤ ስብራትን አስተካክሎ አለማንቀሳቀስ የሚለው መርሁም በሆስፒታል በጄሶ ከሚደረገው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ራጁ ላይ ነው። ያለ ራጅ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ስብራት አይታወቅም፤ የልጅ የእድገት ንጣፍ ተሰብሮ እንደሆነም በእጅ ዳሰሳ አይለይም፣ ካልተስተካከለም ያ እግር ወይም እጅ ሊያጥር ይችላል። የተጎዳ ክርንን አጥብቆ ማሸት ደግሞ ጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል። ቆዳ የቀደደ ስብራት ያለ ምንም ማመንታት የሆስፒታል ጉዳይ ነው፤ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና፣ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ አሉ።

ከሁሉ የከፋው ጥብቅ እስር ነው። የተሰበረ እግር ወይም እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ ዙሪያውን በእንጨትና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ደሙን ያግደዋል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስሩ ያኔውኑ መፈታት አለበት፤ ያሠረው ማንም ይሁን፣ ሰዓቱ ስንትም ይሁን። ደም ያልደረሰው ጡንቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሐኪሙ ያለው ምርጫ መቁረጥ ሊሆን ይችላል።