ጂአርኢ ምንድን ነው?

ከጥያቄ እንጀምር። አንድ ቁጥር አለ፤ በራሱ ሲባዛ 25 ይሆናል። ዓምድ ሀ ላይ ይኸው ቁጥር ተቀምጧል፣ ዓምድ ለ ላይ 4። የቱ ይበልጣል? አማራጮቹ አራት ናቸው፦ ሀ ይበልጣል፣ ለ ይበልጣል፣ እኩል ናቸው፣ ከተሰጠው መረጃ ተነስቶ ማወቅ አይቻልም።

"አምስት ጊዜ አምስት ሃያ አምስት፣ አምስት ደግሞ ከአራት ይበልጣል" ብሎ ሀን የመረጠ ሰው ተሸውዷል። ቁጥሩ ኔጌቲቭ 5ም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚበልጠው 4 ነው። መልሱ "ማወቅ አይቻልም" ነው። እዚህ ውስጥ ከአንደኛ ደረጃ ያለፈ ሒሳብ የለም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ኢንጂነሪንግ በማዕረግ የጨረሰ ሰው ሳይቀር ይሳሳትበታል። የጂአርኢ ጠባይ እንዲህ ነው። አዲስ ነገር አይጠይቅም፤ የምታውቁትን ነገር ሰዓት እየቆጠረባችሁ ረጋ ብላችሁ ታዩት እንደሆነ ነው የሚፈትነው።

ስሙ "ግራጁዌት ሬከርድ ኤግዛሚኔሽንስ" ከሚለው እንግሊዝኛ የመጣ ምህጻር ነው። ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች ይፈተኑታል። ጅማሬው እ.ኤ.አ. 1936 ነው፤ የካርኔጊ ፋውንዴሽንና አራት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሙከራ መልክ አስጀመሩት። ዛሬ የሚያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመው ኢቲኤስ የተባለ ድርጅት ነው። "የመግቢያ ፈተና" ይባል እንጂ ማለፊያ ነጥብ የለውም፤ ወደቀ የሚባል ሰውም የለም። ውጤቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ ውጤት፣ ከመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና ከራስ ማመልከቻ ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ይላካል። ምን ያህል እንደሚመዝን የሚወስነው ተቀባዩ ዲፓርትመንት ነው።

ፈተናው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ በጣም አጥሯል። ድሮ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር፤ አሁን 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ብቻ ነው። መጀመሪያ የ30 ደቂቃ ድርሰት ይመጣል፤ አንድ ሐሳብ ይሰጣችሁና አቋማችሁን በምክንያት ታስረዳላችሁ። ቀጥሎ ቨርባል (የቃላትና የንባብ ፈተና) ሁለት ክፍል (12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ)፣ ሒሳብም ሁለት ክፍል (12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ) አላቸው። ቨርባልና ሒሳብ እያንዳንዳቸው ከ130 እስከ 170 ይታረማሉ፤ ድርሰቱ ከ0 እስከ 6።

ብዙ ተፈታኝ ሳያውቀው የሚገባበት ነገር ቢኖር የክፍሎቹ አሠራር ነው። በመጀመሪያው ክፍል ጥሩ ከሠራችሁ ሁለተኛው ክፍል ይከብዳል፤ ካልቀናችሁ ይቀላል። ነጥቡ የሚሰላው ስንት ጥያቄ እንደመለሳችሁ ብቻ ሳይሆን የደረሳችሁ ክፍል ምን ያህል ከባድ እንደነበረም ታይቶ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ድንገት ሲከብድ "አለቀልኝ" ብሎ መደንገጥ የተገላቢጦሽ ነው፤ እንዲያውም መልካም ምልክት ሊሆን ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ግን ቀላሉም ከባዱም ጥያቄ እኩል ዋጋ አለው። ምልክት አድርጎ መዝለልና በኋላ መመለስም ይቻላል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ ትቶ መውጣት በገዛ እጅ ነጥብ መጣል ነው።

እኔ ይህን ሁሉ በወሬ ካወቅሁ በኋላ እንኳ በመጀመሪያው የልምምድ ፈተናዬ አንዲት የጂኦሜትሪ ጥያቄ ላይ ስድስት ደቂቃ አቃጠልኩ። እልህ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች አላየኋቸውም ነበር። ሁለቱ በኋላ ሳያቸው በአንድ ደቂቃ የሚያልቁ ነበሩ። በሒሳቡ የመጀመሪያ ክፍል ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አልፎ መንገዱ ካልታያችሁ እልሁን ዋጥ አድርጎ ማለፍ ነው።

ወደ ቨርባሉ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ጂአርኢ ሲባል የሚመጣበት ሦስት ሺህ ቃል መሸምደድ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህን ዓረፍተ ነገር እዩት፦ "በአደባባይ ______ እየተባለ ቢታማም፣ ከቤቱ ባዶ እጁን የወጣ ችግረኛ እንደሌለ ጎረቤቶቹ ይመሰክራሉ።" ከስድስት ቃላት ተመሳሳይ ትርጉም የሚሰጡትን ሁለቱን ምረጡ፦ ቸር፣ ስስታም፣ ለጋስ፣ ቆንቋና፣ ብልህ፣ ትሑት። የሰውየውን ደግነት ብቻ ያየ ሰው "ቸር" እና "ለጋስ" ላይ ይዘላል፤ ጥንዶቹ ደግሞ ሆን ተብለው የተቀመጡ ናቸው። "ቢታማም" የምትለዋ ቃል ግን ነገሩን ገልብጣዋለች፤ መልሱ "ስስታም" እና "ቆንቋና" ነው። ከስድስቱ ውስጥ የማታውቁት ቃል አልነበረም። የጂአርኢ ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ የሚጫወቱት ጨዋታ ይኸው ነው፤ ማጠፊያዋን ቃል ያላየ መዝገበ ቃላት ቢውጥም አይድንም። ሁለቱን ቃል አሟልቶ ያልመረጠም ግማሽ ነጥብ አያገኝም።

ቃል አይጠና እያልኩ አይደለም። ግን ከብርቅዬ ቃላት ይልቅ የሚያስቸግሩት የምናውቃቸው የሚመስሉን ናቸው። "ኳሊፋይድ" የሚለውን ሁላችንም "ብቁ" ብለን እናውቀዋለን፤ "ኳሊፋይድ ድጋፍ" ሲባል ግን "ነገር ግን" ያለበት፣ ያልተሟላ ድጋፍ ማለት ነው። ቃልን ለብቻው ሳይሆን ከነዓረፍተ ነገሩ የሚያጠና ሰው ይህን ቶሎ ይለየዋል።

ሒሳቡ አርቲሜቲክ፣ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪና የመረጃ ትንተና ነው፤ ካልኩለስም ትሪጎኖሜትሪም የለበትም። ስክሪኑ ላይ ካልኩሌተር አለ። የቆየ ስታስቲክስ ካለባችሁ ግን አማካይንና ሚዲያንን (ቁጥሮች በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) እንደገና እዩአቸው።

ለዝግጅት የምመክረው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው፦ መጀመሪያ ሳታጠኑ ተፈተኑ። ኢቲኤስ "ፓወርፕሬፕ" በሚባለው መድረኩ በነፃ የሚሰጣቸው የልምምድ ፈተናዎች ከእውነተኛው ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው፤ አንዱን ለመነሻ፣ ሌላውን ለመጨረሻው ሳምንት አስቀምጡ። መሃል ላይ የሚያስፈልገው የስህተት ደብተር ነው። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ መልሱን ሳይሆን ምክንያቱን ጻፉ፦ "ኔጌቲቭን ረሳሁ"፣ "ጥያቄው 'የማይሆነው' ይላል፣ እኔ የሚሆነውን መለስኩ"፣ "ሰዓት አለቀብኝ"። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ላይ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ስህተት ብቻ እየተደጋገመ ታገኙታላችሁ። የሚጠናው እሱ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ከጎኑ ፐርሰንታይል የሚባል ቁጥር አለ፤ ከተፈታኞች ምን ያህል በመቶውን እንደበለጣችሁ ይናገራል። እዚህ ላይ አንድ ግርምት አለ። በቨርባል 160 ያመጣ ከአሥር ተፈታኝ ከስምንት በላዩን ይበልጣል፤ በሒሳብ ግን ያው 160 መሃል አካባቢ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሒሳብ የሚችል ሰው ስለሚበዛበት። ሁለቱን ቁጥሮች እያነጻጸረ "ሒሳቤ ከቨርባሌ እኩል ነው" የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት የምታመለክቱበትን ዲፓርትመንት ገጽ አንብቡ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ዲፓርትመንቶች ጂአርኢን ትተዋል። ግዴታ ነው፣ በፈቃድ ነው፣ አንቀበልም ከሚሉት አንዱን ታገኛላችሁ። "በፈቃድ" ካለ፣ ማመልከቻችሁን ከፍ የሚያደርግ ካልሆነ ባይላክ ይሻላል። ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ካልተደሰታችሁ በ21 ቀን ልዩነት፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ መፈተን ትችላላችሁ።

በፈተናው ቀን መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም የተመዘገባችሁበት ስም መሆን አለበት። ቤት ሆኖ መፈተንም ይቻላል፤ ያኔ ግን ተራ ወረቀት አይፈቀድም፣ በሚጠፋ ማርከርና በትንሽ ነጭ ሰሌዳ መጠቀም ይቻላል። ፈተናው ሲያልቅ ስክሪኑ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ያመጣል፦ ውጤቱ ይመዝገብ ወይስ ይሰረዝ? የሚጠይቃችሁ ነጥቡን ሳያሳያችሁ ነው። "ይመዝገብ" ካላችሁ የቨርባሉና የሒሳቡ ነጥብ እዚያው ይመጣል። ድርሰቱን ሰውም ኮምፒውተርም ስለሚያርሙት ከ8 እስከ 10 ቀን ያስጠብቃል።